የእግር ጉዞ ጥቆማዎቻችሁ መታጠፊያው ላይ ይጥሉናል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በእረፍት ቀን ገጻችሁ የምታወጧቸውን አጫጭር የእግር ጉዞ ጥቆማዎች እንከታተላለን። በቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንዲሉ፣ ሰው አጠገቡ ያለውን ሰፈር ሳያይ ሩቅ አገር ይናፍቃል። ያለ አስጎብኚ በገዛ እግር የሚታዩ ትንንሽ ከተሞችንና የባሕር ዳርቻ መንደሮችን ማስተዋወቃችሁ ስለዚህ ደግ ሥራ ነው። በቦታ አመራረጣችሁም ቅር አላለንም። ቅር ያለን አጻጻፉ ነው፤ መንገዱን ለሚያውቅ ሰው ተጽፎ ለማያውቀው ይታተማል። እንዲህ ያሉ መስመሮችን ማዘጋጀት ሥራችን ስለሆነ፣ ጉዞው የሚበላሽባቸውን ቦታዎች ለይተን እንጽፍላችኋለን።

ሰው የሚጠፋው መታጠፊያ ላይ ነው። «ወደ ቀኝ ታጥፈው ጥቂት ይሂዱ» የሚል መመሪያ ሦስት ነገር ይጎድለዋል። ቀኙ ከየት ሲመጡ ነው? ጥቂት ማለት ስንት ነው? መንገደኛው መታጠፊያውን አልፎት ቢሄድስ በምን ያውቃል? እንዲህ ቢጻፍ ግን የሚሳሳት አይኖርም፦ «የድንጋይ ድልድዩን እንደተሻገሩ ወደ ቀኝ ይታጠፉ፤ ወንዙ በቀኝዎ ይሆናል፤ 150 ሜትር ያህል፣ ማለትም 200 እርምጃ ግድም ይሂዱ፤ የባቡር ሐዲድ ካዩ አልፈውታልና ይመለሱ።» ከሁሉ የሚዘነጋው ይህ የመጨረሻው ነው። መስመር የሚጽፍ ሰው እሱ ራሱ ስለማይስት፣ የሳተ ሰው ምን እንደሚያይ አይታሰበውም።

ምልክት አድርጋችሁ የምትጠቅሱትም ነገር የማይነቀል ይሁን። ሱቅ ይዘጋል፣ የግድግዳ ቀለም ይቀየራል፣ ዛፍም ይቆረጣል። ድልድይ፣ ግንብ፣ የደረጃ መውጫ፣ ሐዲድ፣ መንገዱ ቁልቁል የሚጀምርበት ቦታ ግን ዓመታት ይቆያሉ። የቤት ቁጥርም በደንብ ያገለግላል። በብዙ ከተሞች ጎዶሎ ቁጥሮች በመንገዱ አንድ ወገን፣ ሙሉዎቹ በሌላው ወገን ስለሚደረደሩ፣ አንድ ቁጥር ብቻ መጥቀስ መንገደኛው በትክክለኛው ወገን መሆኑንና ወደየት እየሄደ እንደሆነ ይነግረዋል።

«ሁሉም ሰው ስልክ አለው፣ ካርታ ይከፍታል» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። ሰማዩ ገልጥ ባለበት ቦታ የስልክ ጂፒኤስ ስህተቱ 5 ሜትር ገደማ ነው፤ ለሰፊ ጎዳና ይበቃል። ረጃጅም ግድግዳዎች ባሉባቸው ጠባብ ቅያሶች ግን የሳተላይቱ ሞገድ ከግንቡ እየነጠረ ስለሚደርሰው፣ ሰማያዊዋ ነጥብ ጎረቤት መንገድ ላይ ልትቆም ትችላለች። ብዙ መታጠፊያ የሚኖረው ደግሞ እዚያው አሮጌው ሰፈር ውስጥ ነው፤ ስልኩ በሚደክምበት ቦታ ጽሑፉ መበርታት አለበት። ባሕር ዳር ላይ በፀሐይ ስክሪን አለመታየቱ ሌላው ጣጣ ነው። ምሰሶ ላይ የሚለጠፍ የኪውአር ኮድም በጨው አየርና በፀሐይ ይገረጣል፤ ባይገረጥም የሚያደርሰው ገጽ አንድ ቀን ይዘጋል።

ለዚህ የታወቀ መፍትሔ ያገኙ ከተሞች አሉ። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1951 የቀረበው በአሜሪካ የቦስተኑ የነፃነት መስመር 4 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን 16 ቦታዎችን ያያይዛል። በጀርመን የሃኖቨሩ «ቀይ ክር» 4.2 ኪሎ ሜትር ላይ 36 ቦታዎችን ያሳያል። በሁለቱም መሬት ላይ የተሰመረ ቀይ መስመር አለ። እግረኛው መታጠፊያ ላይ ደርሶ ወረቀት ማገላበጥ የለበትም፤ ዐይኑ ነፃ ሆኖ ሕንፃውን ያያል። ጋዜጣ መሬት ላይ ቀለም መቀባት አይችልምና የዚያን ቀይ መስመር ሥራ ዐረፍተ ነገሮቹ ይሥሩት።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ «የአንድ ሰዓት ጉዞ» የምትሉት ስሌቱ የት እንዳለ አይታየንም። ሜዳ ላይ ሳይቆም የሚሄድ ሰው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ 3 ኪሎ ሜትር 36 ደቂቃ ይፈጅበታል። 10 ማረፊያ ካለውና በእያንዳንዱ 3 ወይም 4 ደቂቃ ከቆመ ሌላ 30 እስከ 40 ደቂቃ ይጨመራል። መንገድ ማቋረጡ፣ ፎቶ ማንሳቱ፣ ልጅ ማባበሉ ሲታከልበት አንድ ሰዓት ተኩል ተብሎ መጻፍ ነበረበት። ለአቀበት ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት ዛሬም ይሠራል፤ ለየ100 ሜትር ከፍታ 10 ደቂቃ ይጨመራል። ገደል አፋፍ ላይ ከተሠራች የባሕር ዳርቻ ከተማ ወደ ወደቡ ወርዶ መመለስ 40 ሜትር ዳገት ቢኖረው በዚህ ስሌት 4 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ጉልበቱ ለሚያመው ሰው ግን ዋናው ቁም ነገር ደረጃው ስንት እንደሆነና መደገፊያ እንዳለው ነው። ደረጃውን ቁጠሩና ጻፉት። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ወይም የሕፃን ጋሪ ለሚገፋ፣ ያልተጻፈች አንዲት ደረጃ ጉዞውን ታስቆማለች። ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት የሚለው ልክ በብዙ የግንባታ ደንቦች ለተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ የተቀመጠ የቁልቁለት ጣሪያ ነው፤ ከዚያ የባሰ ቁልቁለት ካለ ዙሪያ ጥምጥሙን መንገድ አብራችሁ አመልክቱ።

ማረፊያ ነጥብ ስትመርጡ ሰው የሚቆምበትን ቦታ እንጂ የሚታየውን ሕንፃ ብቻ አትጻፉ። አንድን ሕንፃ ከእግሩ እስከ ራሱ ሳይንጠራሩ ለማየት የቁመቱን እጥፍ ያህል መራቅ ያስፈልጋል፤ 10 ሜትር ለሚረዝም 20 ሜትር ማለት ነው። መንገዱ 8 ሜትር ብቻ ከሆነ ፊት ለፊት መቆም አንገት ከማሳመም በቀር አይጠቅምም፤ ከማዶው ጥግ አግድም የሚታይበትን ቦታ ፈልጉ። ቦታው የብስክሌት መስመር ላይ ወይም የሰው በር ላይ እንዳይሆንም ተጠንቀቁ።

ከዚያ በኋላ የምትነግሩን ታሪክ በዐይን የሚታይ ነገር ላይ ይንተራስ። እዚህ ላይ ጽሑፎቻችሁ የተሠራበትን ዓመትና የባለቤቱን ስም ብለው ያልፋሉ፤ መንገደኛውም ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል። ቀጥ ባሉ መንገዶች መካከል ያለ ምክንያት የተጠማዘዘ ጎዳና ብዙ ጊዜ ከሥሩ የተቀበረ ጅረት ወይም የጥንት የእግር ዱካ አለው። በአንድ ቤት የጎን ግድግዳ ላይ የሚታይ ሰያፍ መስመር ተጣብቆት የነበረና የፈረሰ ቤት የጣሪያ አሻራ ነው። በጡብ የተደፈነ መስኮትም እንዲሁ የሚጠየቅ ነገር ነው። በብዙ የዓሣ አጥማጆች መንደሮች ጠባቦቹ መተላለፊያዎች ቀጥ ብለው ወደ ውሃው ይወርዳሉ፤ ጀልባና መረብ የሚጎተተው በእነሱ ነበርና። ከባሕሩ ርቆ ሳለ የወደብ ወይም የባሕር ስም የያዘ መንገድ ካጋጠማችሁ፣ ባሕሩ ተሞልቶ መሬት ሆኗል ማለት ሊሆን ይችላል። የቦስተኑ ባክ ቤይ ስሙ የባሕር ወሽመጥ ነው፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፈር ተሞልቶ ነው ሰፈር የሆነው።

አሁን ወደሚያሳስበን ነገር እንግባ። የባሕር ዳርቻ መስመሮቻችሁ ውስጥ ስለ ባሕሩ ሙላትና ጉድለት አንድም ቃል የለም። ከተማ ውስጥ መሳሳት ጊዜ ያባክናል፤ በገደልና በውሃ መካከል መሳሳት ግን መውጫ ያሳጣል። በአብዛኛው የዓለም ዳርቻ ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ በሁለት ሙላቶች መካከል 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ አለ። ስለዚህ ቅዳሜ በጠዋት ደረቅ የነበረው አሸዋ በሚቀጥለው ቅዳሜ በዚያው ሰዓት ባሕር ሊሆን ይችላል፤ ሰዓቱ በየቀኑ በ50 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይዘገያልና። «ጠዋት ይሂዱ» ብሎ መምከር ለዚህ አይበጅም።

ውሃው የሚጨምረውም እኩል እየሆነ አይደለም። ከጉድለት እስከ ሙላት ያሉትን ስድስት ሰዓታት ብንከፍላቸው፣ በመጀመሪያው ሰዓት ከጠቅላላው ከፍታ አንድ አሥራ ሁለተኛ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሦስት ሦስት፣ ከዚያም ሁለትና አንድ ይጨምራል። ግማሹ ከፍታ በመካከለኞቹ ሁለት ሰዓታት ውስጥ ይመጣል ማለት ነው። መንገደኛውን የሚያታልለው ይህ ነው፤ በመጀመሪያው ሰዓት ቀስ ሲል አይቶ ይዘናጋል፣ ሲመለስ ያለፈበት ጥግ ተዘግቶ ያገኘዋል። ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል። ልዩነቱ ከቦታ ቦታም አይመሳሰልም፤ በአብዛኛው ሜድትራንያን በሴንቲሜትር ሲለካ በካናዳው የፈንዲ ወሽመጥ 16 ሜትር ይደርሳል፤ ያንዱን ዳርቻ ምክር ለሌላው መገልበጥ አይቻልም።

በእያንዳንዱ የዳርቻ መስመር ላይ እንዲህ የሚል ይኑር፦ «ይህ ክፍል የሚታለፈው ውሃው ዝቅ ከሚልበት ሰዓት ሁለት ሰዓት በፊት ጀምሮ ሁለት ሰዓት እስኪያልፈው ድረስ ብቻ ነው፤ ጊዜው ካለፈ በላይኛው መንገድ ይሂዱ።» ሁለት የሚለውን ቁጥር ቦታው ላይ በተለያየ ቀን አይታችሁ ታስተካክሉታላችሁ። መንገደኛው ውሃው ገና እየጎደለ ሳለ ቢነሳና ጠባቡን ጥግ ከዝቅታው ሰዓት በፊት ቢያልፈው ይሻላል፤ ቢዘገይ እንኳ ጊዜው ለእሱ ነው። የሙላትና የጉድለት ሰዓት የሚነገርበትን ሠንጠረዥ ሲያነብም፣ ሰዓታቸውን በዓመት ሁለቴ በሚያዞሩ አገሮች አንዳንዱ ሠንጠረዥ ለውጡን ስለማይጨምር ሙሉ የአንድ ሰዓት ስህተት ይፈጠራል። ሠንጠረዡ የዕለቱን ነፋስም አያውቅም፤ ወደ የብስ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስና ዝቅ ያለ የአየር ግፊት ውሃውን ከተጻፈው በላይ ያወጡታል።

አሸዋውም እንደ መንገድ አይቆጠርም። በልቅ ደረቅ አሸዋ ላይ መሄድ በጠንካራ መሬት ላይ ከመሄድ እጥፍና ከዚያ በላይ ጉልበት ይፈጃል፤ 1 ኪሎ ሜትሩን 2 ብላችሁ አስሉት። ውሃ የነካው ጠንካራ አሸዋ ይሻላል፣ ግን ወደ ባሕሩ ያዘነብላል። ረጅም መንገድ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲኬድ ጫናው በአንድ ወገን ቁርጭምጭሚትና ዳሌ ላይ ይበረታል፤ በዚያው ዳርቻ መመለስ ያካክሰዋል። ወደ ውሃው የሚወርድ የሲሚንቶ መወጣጫ ወደ ጥቁር አረንጓዴ ከሚለወጥበት መስመር በታች አልጌ ስላለበት ያንሸራትታል፤ እዚያ ላይ አታስቆሙን። ከገደል እግርም አታስቆሙን፤ ከላይ ድንጋይ ይወርዳል። ባርኔጣ ብቻ እንደማይበቃም ጠቁሙ፤ ደረቅ አሸዋ ከፀሐይዋ የአልትራቫዮሌት ጨረር 15 በመቶውን፣ የማዕበል አረፋ 25 በመቶውን መልሶ ወደ ፊታችን ይወረውራል።

የይዞታ ጉዳይ አጭር ነው፤ በአንዳንድ አገሮች ከሙላቱ መስመር በታች ያለው አሸዋ የሕዝብ፣ በላይ ያለው የግል ነው። ከማተማችሁ በፊት የአካባቢውን ደንብ አጣሩ፤ መውጫ የሌለው ቅያስ ውስጥም እንግዳ አትላኩ፣ ነዋሪው ያማርራል።

መስመሩ ከመታተሙ በፊት ሰፈሩን ረግጦ ለማያውቅ ሰው ረቂቁን ስጡት። ከ20 እርምጃ በኋላ ሆናችሁ ተከተሉት፤ ምንም አትንገሩት፤ እጃችሁም አይጠቁም። ቆም ብሎ ዙሪያውን ባየ ቁጥር ቦታውን ምልክት አድርጉ። ሰውየው ምንም አላጠፋም፤ መታረም ያለበት ዐረፍተ ነገሩ ነው። መስመሩ በተቃራኒው አቅጣጫ ይሠራል ብላችሁ የምትጽፉ ከሆነ፣ ያንንም ለብቻው አስፈትኑና ለብቻው ጻፉት፤ ቀኝና ግራን መቀያየር ብቻ አይበቃም፣ ከወዲያ የሚታየው ምልክት ከወዲህ አይታይምና።

ገጹ ላይ ደግሞ የመታጠፊያዎቹን መመሪያ በደማቅ ፊደል ለብቻቸው በተከታታይ ቁጥር አስቀምጡ፤ ታሪኩ ከጎን በተራ ፊደል ይሁን። አሁን ሁለቱ ስለተቀላቀሉ መንገደኛው መስቀለኛ መንገድ መሐል ቆሞ አንቀጽ ያነባል። መስመሩ ለመጨረሻ ጊዜ የተሄደበትን ቀን ከርዕሱ ሥር አትሙ። ቦታ ከጠበባችሁ ከታሪኩ ላይ ቀንሱ።

ከአክብሮት ጋር፣
የእግር ጉዞ መስመር አዘጋጆች