ስማችሁን ለማላውቀው ባለውለታዎቼ፦ የምስጋና መልእክት

በቅድሚያ ዕድሜ ለጨመረልኝ ፈጣሪ ምስጋና ይድረሰው። ቀጥሎ ለእናንተ፣ ደማችሁን ሰጥታችሁ ላተረፋችሁኝ።

ለማታውቁኝ፣ በጡረታ የተሰናበትኩ የተጠባባቂ ጦር አባል ነኝ። ሰው ሁሉ ሻምበል ይለኛል። ከሃምሳ አለቃነት አልፌ አላውቅም። ማዕረጉን የሰጠኝ ጎረቤት ነው፣ እኔም ዝም ብዬ ተቀብያለሁ። ተጠባባቂ ሲባል በሥራ ቀን እንደማንኛውም ደመወዝተኛ መዋል፣ በእረፍት ቀን ልምምድ መውረድ፣ ጥሪ ሲመጣ ደግሞ ሸክፎ መውጣት ነው። በሄድኩ ቁጥር ሥራዬን ሸፍነው የጠበቁኝን ባልደረቦቼንና ቤቱን ብቻዋን ያቆመችውን ባለቤቴን ዛሬም ደግሜ አመሰግናለሁ።

ጡረታ ስወጣ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አልሆነልኝም። በበጎ ፈቃድ ደም ለጋሾችን ማስተባበር ጀመርኩ። ወንበር መደርደር፣ ስም መመዝገብ፣ መርፌ የፈራውን ማጫወት፣ ሰጥቶ የጨረሰው ሳያርፍ እንዳይሮጥ መያዝ። ሥራው ይኸው ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋትም ወንበር እያወረድን ነበር። ድንገት ላብ አጠመቀኝ፣ ዓይኔ ጨለመ፣ ወዲያው ደም አስታወከኝ። ቀድማ የደረሰችው ከበጎ ፈቃደኞቹ በዕድሜ ትንሿ ናት። በጎኔ አስተኛችኝ፣ ጃኬቷን አለበሰችኝ፣ አምቡላንስ አስጠራች። ጥም ሲያቃጥለኝ “ውሃ!” አልኳት፣ በትእዛዝ ድምፅ። “አይሆንም ሻምበል፣ ሐኪም ሳያይዎት ምንም አይቀምሱም” አለችኝ። ተቆጣሁ። ንቅንቅ አላለችም። ልጄ፣ ተባረኪ። እንዳንቺ ያለ ቆራጥ አዛዥ ብዙ አላጋጠመኝም።

ጨጓራዬ ቆስሎ ኖሯል። ለጉልበቴ የምወስደው ማስታገሻ፣ እነ አይቡፕሮፌን የሚመደቡበት ወገን፣ የጨጓራን መከላከያ እንደሚያዳክምና ዕድሜ ሲገፋ አደጋው እንደሚብስ ሐኪሙ አስረዳኝ። ጉልበቱን የማያመው የድሮ ወታደር ስለሌለ ለጓዶቼ ይህን እላለሁ፦ ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ዕለት ሐኪም ቤት ነው። እኔን በአፌ በገባ ቀጭን ካሜራ ቁስሉን አግኝተው ደሙን አቆሙልኝ። ሐኪሞቼ፣ እጃችሁ ይባረክ።

የፈሰሰው ግን መተካት ነበረበት። አራት ከረጢት ደም ተሰጠኝ። እያንዳንዱ ከመሰቀሉ በፊት ሁለት ነርሶች ይመጣሉ። ስሜን ያስጠሩኛል፣ እጄ ላይ የታሰረውን ያነባሉ፣ ከረጢቱ ላይ ካለው ቁጥርና የደም ዓይነት ጋር ጮክ ብለው ያመሳክራሉ። ጥበቃ ላይ የይለፍ ቃል እንደመጠየቅ ነው። በመጨረሻው ላይ “ስሜን እስካሁን አላወቃችሁትም?” ብላቸው፣ አንዷ “እናውቀዋለን አባባ፣ ግን ይንገሩን” አለችኝ። እውነት አላት። ያልተስማማ ደም ሰው ይገድላል። ካርል ላንድስታይነር እ.አ.አ. በ1901 የደም ዓይነቶችን እስኪለይ ድረስ ደም መቀበል ዕጣ እንደመጣል ነበር። ሰኔ 7 የዓለም የደም ለጋሾች ቀን የሆነውም የእሱ ልደት ስለሆነ ነው።

ያን ከረጢት ተኝቼ ሳየው ብዙ አሰብኩ። ስም የለበትም፣ ቁጥር ብቻ። ከአንድ ሰው የሚወሰደው 450 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ደግሞ በማቀዝቀዣ ቢበዛ 42 ቀን ነው የሚቆየው። ስለዚህ እኔ ከመውደቄ በፊት በነበሩት ጥቂት ሳምንታት አራት ሰዎች ክንዳቸውን ዘርግተው ነበር ማለት ነው። አንዱ ከሥራ አስፈቅዶ መጥቶ ይሆናል። አንዷ ጓደኛዋን ልትሸኝ መጥታ “እኔስ?” ብላ ገብታ ይሆናል፤ እንዲህ ያሉ ብዙ አይቻለሁ። ከመካከላችሁ አንዳችሁን እኔው መዝግቤ፣ እኔው “አይዞህ” ብዬ ይሆናል። አላውቅም። የሚነግረኝም የለም፤ የለጋሽ ስም ለተቀባይ አይነገርም። በአደባባይ መጻፌም ለዚሁ ነው። ቤታችሁን ባውቀው በራችሁን አንኳኩቼ እጅ እነሳ ነበር።

ለዓመታት ለጋሽ ስሸኝ “እግዜር ይስጥልኝ” ስል ኖሬያለሁ። ያኔ በሌላ ሰው ስም ነበር። አሁን በራሴ ስም እላለሁ።

ከአልጋዬ ጎን ስታድሩ የከረማችሁ ልጆቼ፣ መጥታችሁ የጠየቃችሁኝ፣ የደወላችሁልኝ፣ ስልኬ ዝግ ሆኖ ያላገኛችሁኝም ጭምር፣ ውለታችሁ አለብኝ።

በሚቀጥለው ልገሳ ላይ እገኛለሁ። ደም መስጠት አሁን አይፈቀድልኝም፣ ወንበር መሸከሙን ደግሞ ባለቤቴ ከልክላለች። መዝገቡን ያቺ ውሃ የነፈገችኝ ልጅ ትያዘው፤ ከእኔ ይልቅ ሰው እሷን ይሰማል። እኔ በር ላይ ሆኜ እንግዳ እቀበላለሁ። በዚያ ሰሞን ደም ሰጥታችሁ የነበራችሁ ስትገቡ ንገሩኝ። የእናንተ ይሁን አይሁን፣ አቅፌ ነው የማስገባችሁ።