የታክስ ቅናሹ ለደጋፊው ይድረስ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 2008 የተጨማሪ እሴት ታክስን እስከ 2009 መጨረሻ ድረስ ለጊዜው ከ17.5 ወደ 15 በመቶ ያወረደችው ሸማቹ እንዲገዛ ለማበረታታት ነው። የእግር ኳስ ክለቦች ቅናሹን በካዝናቸው ካስቀሩት ግን ዓላማው ከስታዲየሙ በር አያልፍም።

ስሌቱ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። የ40 ፓውንድ ትኬት በ1 ፓውንድ አይቀንስም፤ 40ው ታክሱን ያካተተ ነውና። 40 ለ1.175 ሲካፈል 34.04 ይሆናል፤ ይህ በ1.15 ሲባዛ 39.15 ይመጣል። ልዩነቱ 85 ፔንስ ነው። በር ላይ ይህን ሳንቲም መልስ መስጠት ሰልፍ ያስረዝማል የሚሉ ክለቦች እውነት አላቸው፤ በኢንተርኔት ለሚሸጥ ትኬት ግን ምክንያቱ አይሠራም።

አስቸጋሪው አስቀድሞ የተከፈለበት የዓመት ትኬት ነው። 500 ፓውንድ ለ19 የሜዳ ጨዋታዎች ተከፍሎ 12 ቢቀሩ፣ የቀሪዎቹ ድርሻ 315.79 ነው፤ የታክስ ልዩነቱም 6 ፓውንድ ከ72 ፔንስ። ክለቡ ይህን ከመንግሥት ማስመለስ ካሻ አስቀድሞ ለደጋፊው የተመላሽ ሰነድ (ልዩነቱ ለደጋፊው እንደሚመለስ የሚያረጋግጥ ወረቀት) ይስጥ። ጥሬ ገንዘብ መመለሱ ከከበደው ከቀጣዩ ዓመት እድሳት ላይ ይቀንስ፤ መጠኑንም በደረሰኙ ላይ ለይቶ ይጻፍ።

የልጆች ማሊያና የጨዋታ መጽሔት ድሮም ታክሳቸው ዜሮ ስለሆነ ዋጋቸው አልቀነሰም ብሎ ክለብን መውቀስ አግባብ አይደለም። የአዋቂ ማሊያ ግን ይመለከተዋል።