የሒሳብ ክበብ፦ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ቁጥር

ዘንድሮ ክበባችን ርዕስ አላበዛም። አንድ ቁጥር ይዘን ከረምን፤ 4,294,967,297። የ2 32ኛ ርቢ ላይ 1 ሲደመርበት የሚገኘው ነው። ጥያቄያችንም አንድ ነበር፤ ብቸኛ ቁጥር ነው (ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም) ወይስ ሌላ አካፋይ አለው?

ከ2 ተነሱና እያንዳንዱን ውጤት በራሱ እያባዛችሁ ሂዱ፤ 2፣ 4፣ 16፣ 256፣ 65,536። በእያንዳንዱ ላይ 1 ስትደምሩ 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ታገኛላችሁ። አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ይህን አይቶ፣ ሰንሰለቱ የቱንም ያህል ቢረዝም ሁሉም ብቸኛ ይሆናሉ ብሎ አመነ። ስድስተኛው የእኛ ቁጥር ነው። ልጆቹም እንደ ፌርማ ነበር ያሰቡት። አልፈርድባቸውም፤ አምስት ምሳሌ በተከታታይ ሲሰምር ማንም ያምናል።

ማካፈል ጀመርን። በ3 ሲካፈል 2 ይተርፋል። በ5ም 2። በ17ም፣ በ257ም ያው 2። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ "ለምንድነው ሁሌ 2 የሚተርፈው?" አለች። ለእኔ የዓመቱ ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም እስከዚያ ድረስ ሁላችንም ዓይናችን የነበረው አካፋይ ተገኘ አልተገኘም የሚለው ላይ እንጂ የሚተርፈው ላይ አልነበረም። እስቲ አምስቱን ቁጥሮች አባዟቸው። 4,294,967,295 ይመጣል። ከእኛ ቁጥር የሚያንሰው በ2 ብቻ ነው! ስለዚህ በአምስቱ በየትኛውም ብናካፍለው የግድ 2 ይተርፋል።

ሌሎቹስ? 65,536 በራሱ ሲባዛ ከእኛ ቁጥር በ1 ብቻ ስለሚያንስ፣ አካፋይ ካለው ትንሹ ከ65,536 አይበልጥም። እስከዚያ ድረስ 6,542 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። ሁሉንም በእጅ መሞከር የማይታሰብ ነው። እዚህ ላይ የደረሰልን የስዊዙ የሒሳብ ሊቅ ኦይለር ነው፤ ይህን ቁጥር የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ካለ፣ የ64 ብዜት ላይ 1 የተደመረበት መሆን አለበት። ማረጋገጫውን ከፍ ያሉት ክፍሎች እስከ መጨረሻው ተከታተሉት፤ ለታናናሾቹ ውጤቱን ብቻ ሰጠኋቸው። ከዚያ በኋላ ሥራው ቀለለ። ከታች ስንጀምር 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 ተሰለፉ። 257 ቀድሞ ወድቋል። 193 አልሆነም። 449ም 577ም እንዲሁ። 641 ላይ ስንደርስ ግን ምንም ሳይተርፍ 6,700,417 ወጣ፤ ሰሌዳው ላይ፣ በጠመኔ፣ ያለ ካልኩሌተር። ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1732 ያገኘው አካፋይም ይኸው 641 ነው። የፌርማ ግምት የወደቀው በዚህ ነው።

የክፍል ለክፍል የጥያቄና መልስ ውድድርም አካሂደናል፤ ጥሩ ነበር። እኔ የወደድኩት ግን ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው። ቁጥራችን 65,536 በራሱ ተባዝቶ 1 ሲደመርበት የሚገኝ ስለሆነ የሁለት ስኩዌሮች ድምር ነው። ደግሞም 62,264 በራሱ፣ 20,449 በራሱ ተባዝተው ሲደመሩ እዚያው ቁጥር ላይ ያደርሳሉ። አንድ ብቸኛ ቁጥር ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ እንዲህ ሊጻፍ አይችልም። ይህን የያዘ ሰው 641ን ሳያውቅም ቁጥሩ ብቸኛ አለመሆኑን ማሳየት ይችላል ማለት ነው። ደምራችሁ አረጋግጡ፤ ወረቀትና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል።

ለሚቀጥለው ዓመት ልጆቹ ሰባተኛውን መርጠዋል፤ 18,446,744,073,709,551,617። ብቸኛ አይደለም። ትንሹ አካፋዩ የ256 ብዜት ላይ 1 የተደመረበት ነው፤ ቁጥሩን ግን ራሳቸው እንዲያገኙት እዚህ አልጽፈውም።