ማስተርስ አለኝ፤ መለካት ግን የጀመርኩት በሲባጎ ነው

ውድ አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁ ላይ የትምህርት ጥራት ሲነሳ ዞሮ ዞሮ የሚወራው ስለ 12ኛ ክፍል ፈተና ነው። ያስኬዳል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ዝም የሚባል ነገር አይደለም። እኔ ግን ዛሬ ተማሪውን ልተወውና ስለ አስተማሪው ልጻፍ። ማለትም ስለ ራሴ።

የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ማስተርሴን የያዝኩት በክረምት ፕሮግራም ነው። የተማርኩበትን ዩኒቨርሲቲ ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእሱ ብቻ ስላልሆነ። ሰኔ ላይ ፈተና አርመን፣ ካርድ ሞልተን፣ በማግስቱ ፍራሽ ጠቅልለን ዶርም እንገባለን። ከዚያ ሐምሌና ነሐሴ እንደ ጎርፍ ነው። ክላሲካል ሜካኒክስ፣ ኳንተም ሜካኒክስ፣ ኤሌክትሮዳይናሚክስ፣ ስታቲስቲካል ሜካኒክስ። መደበኛ ተማሪ አንድ ሴሚስተር ሙሉ የሚታገለውን ኤሌክትሮዳይናሚክስ እኛ በጥቂት ሳምንት ዋጥነው። አላመጥነውም፤ ዋጥነው።

ሞኝ አልነበርንም። ሌሊት ሌሊት ሻማ አብርተን የምንሠራው ጥያቄ ነበር። እስከ ዛሬም የሃይድሮጅንን አቶም ሳልሳሳት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መፍታት እችላለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ሱፐርኮንዳክተር ነው፤ በጣም ሲቀዘቅዝ ያለ አንዳች ተቃውሞ ኤሌክትሪክ ስለሚያሳልፍ ቁስ። ገጾቹ በቀመር የተሞሉ ናቸው። በመጨረሻ ማትላብ በሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ላይ የተሳሉ አራት ግራፎች አሉ። ዲፌንስ ላይ ከፈታኞቹ አንዱ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው፣ ገጽ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው "ለመሆኑ ሱፐርኮንዳክተር በዓይንህ አይተህ ታውቃለህ?" አሉኝ። አላየሁም አልኩ። ፈገግ ብለው "እኔም አላየሁም" አሉ። ሁሉም ሳቀ። "በጣም ጥሩ" የሚል ውጤት ሰጡኝ።

ያን ጊዜ አብሬ ስቄአለሁ። ያፈርኩት ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እዚህ ደብረ ብርሃን፣ ክፍል ውስጥ ነው።

የትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ ቁልፍ ንብረት ክፍል ነው፤ የንብረት ክፍል ኃላፊው ደግሞ ብዙ ጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው። ስለዚህ አንድ ሜትር ሲባጎ ይዤ ገባሁ። ጫፉ ላይ ከጋራዥ የለመንኩትን ዳዶ አሰርኩ። ከመስኮቱ ብረት ላይ አንጠልጥለን ለቀቅነው። ልጆቹ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ፣ እኔ ስልኬን ይዣለሁ። 20 ደርሶ መልስ፣ 40.2 ሰከንድ። አንዱ 2.01 ሰከንድ ማለት ነው። ቀመሩ ውስጥ ስናስገባው የመሬት ስበት 9.77 ወጣ።

መጽሐፉ 9.8 ይላል። "ቲቸር፣ ተሳሳትን" አሉ። እኔ ደረቴን ነፋሁ። አልተሳሳታችሁም አልኳቸው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ ለምድር ወገብም ቅርብ ነን፤ ስለዚህ እዚህ ስበቱ ቀለል ይላል። 9.77 የደብረ ብርሃን ቁጥር ነው! ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ።

ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ስልኩን ትንሽ ዘግይተው ተጭነውት ቢሆንስ?"

ነገ እንነጋገራለን ብዬ ወጣሁ። ማታ ቁጭ ብዬ ሠራሁት። ጣቴ 0.2 ሰከንድ ብቻ ቢዘገይ ወይም ቢቀድም መልሱ በ0.1 ይዛባል። እኔ አገኘሁት ብዬ የፎከርኩት ልዩነት 0.03 ነው። ስህተቱ ከግኝቱ ሦስት እጥፍ ይበልጣል። 9.7ም ሊወጣ ይችል ነበር፣ 9.87ም ሊወጣ ይችል ነበር። ያ ሁሉ ጭብጨባ ለዕድል ነበር።

ይህ ከባድ ሒሳብ አይደለም። የመጀመሪያ ዲግሪ ስማር አንድ ሰሞን አይቼዋለሁ፣ ረስቼዋለሁ። የሚያንገበግበኝ ማስተርስ ስማር አንድም ቀን "ስንት ለካህ? እርግጠኛነትህስ ምን ያህል ነው?" ተብዬ አለመጠየቄ ነው። ፊዚክስ ደግሞ ከሒሳብ የሚለየው በዚችው ጥያቄ ነው።

በማግስቱ ከበድ ያለ ዳዶ አስረን 200 ደርሶ መልስ ቆጠርን። ሰባት ደቂቃ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ጨረስን። አሁን የጣቴ ጥፋት ለ200 ስለተካፈለ ወደ 0.01 ወረደ። መልሱ አሁንም ከ9.8 በታች ነው። አሁን ማጨብጨብ ይቻል ነበር። ማንም አላጨበጨበም፤ ቆጠራው አድክሟቸዋል።

ቲዎሪ ይናቅ እያልኩ እንዳልሆነ ይያዝልኝ። አገራችን ቲዎሪ ላይ ያዘነበለችበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ እርሳስና ወረቀት ርካሽ ነው። ፓኪስታናዊው አብዱስ ሳላም በ1964 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ትሪየስት ላይ የቲዎሪ ፊዚክስ ማዕከል ሲያቋቁም ያሰበው እንደ እኛ ላሉ አገሮች ሊቃውንት ነው። ስንት ኢትዮጵያዊ እዚያ ደርሶ ተምሮ ተመልሷል። ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለንም አንርሳ። እሳቸው የስታቲስቲካል ሜካኒክስ ሰው ናቸው። በደርግ ጊዜ ታስረው፣ እስር ቤት ውስጥ እስረኞችን ፊዚክስ አስተምረዋል። የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር በ2012 እ.ኤ.አ. ለሰብዓዊ መብት የሚሰጠውን የሳካሮቭን ሽልማት የሰጣቸው ሰው ናቸው። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ያፈራ ትምህርት ማቃለል አይቻልም።

ግን እንተማመን። ከእኔ ጋር የተመረቁት የክረምት ተማሪዎች አብዛኞቹ የቲዎሪ ተመራማሪ አይሆኑም። የደረጃ ዕድገቱንና የደሞዝ ጭማሪውን ይዘው (ደግ አደረጉ፣ ኑሮው እንደሆነ ታውቁታላችሁ) ወደ 9ኛና 11ኛ ክፍል ይመለሳሉ። እዚያ የሚጠብቃቸው የግሪን ፈንክሽን የሚባለው የቲዎሪ ሒሳብ አይደለም። የተቆለፈ ላቦራቶሪና "ቢዘገይስ?" የምትል ልጅ ናት።

ስለዚህ ለፊዚክስ ትምህርት ክፍሎች የምለው አጭር ነው። ማንም የፊዚክስ ማስተርስ ተማሪ አንድ ነገር በእጁ ሳይለካ፣ የለካውም ምን ያህል እንደሚታመን ሳይጽፍ አይመረቅ። ለክረምት መምህራን ደግሞ ለትምህርት ቤታቸው የሚሆን መለኪያ ሠርተው፣ ፈትሸው ማቅረብ እንደ ሙሉ ቲሲስ ይቆጠርላቸው። መሣሪያ የለም የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ፤ እኔም ስለው ኖሬአለሁ። ከኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት የሚገኙ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ኤልኢዲ አምፖሎች፣ ባትሪና የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መለኪያ ካሉ የፕላንክን ቁጥር መገመት ይቻላል። ቀዩ 1.8 ቮልት አካባቢ መብራት ይጀምራል፣ ሰማያዊው ወደ 2.6 ይጠጋል። የኳንተም ሜካኒክስ መነሻ የሆነው ቁጥር ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። ትክክለኛውን አይመታም፤ ለምን እንደማይመታ መከራከር ነው ትምህርቱ።

የእኔው የሱፐርኮንዳክተር ጉዳይስ? በቅርቡ ነው የገባኝ። በ1987 እ.ኤ.አ. የተገኘው የኢትሪየም፣ የባሪየም፣ የመዳብና የኦክስጅን ውህድ ሱፐርኮንዳክተር የሚሆነው ከዜሮ በታች 180 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ፈሳሽ ናይትሮጅን ደግሞ ከዜሮ በታች 196 ነው፤ ይበቃል። ፈሳሽ ናይትሮጅን ከየት ይመጣል ብዬ ስብሰለሰል ጎረቤቴ በደጄ አለፈ። የከብት አዳቃይ ነው። በሞተር ሳይክሉ ኋላ የታሰረው ጋን የመሰለ ዕቃ ውስጥ የኮርማ ዘር አለ፤ ዘሩ የሚቀመጠው በፈሳሽ ናይትሮጅን ነው። ቲሲሴን ስጽፍ በየሳምንቱ በአጠገቤ ያልፍ ነበር።

ነገርኩት። "መምህሬ፣ ዘሩ ላይ እንዳትደርስብኝ እንጂ አንድ ኩባያ ብትወስድ ምን ቸገረኝ" አለኝ። የቀዘቀዘ ሱፐርኮንዳክተር ማግኔትን ከላዩ ያንሳፍፋል፤ ማግኔቱን ከተበላሸ ስፒከር አውጥቻለሁ። የቀረኝ ከሳንቲም ብዙ የማይበልጥ፣ ጥቁር የሸክላ ክኒን የመሰለ የዚያ ውህድ ቁራጭ ነው። ውጭ አገር ለትምህርት ቤቶች ይሸጣል። ከአንባቢዎቻችሁ መካከል ያለው ወይም ሲመጣ ይዞልኝ ሊመጣ የሚችል ካለ በዝግጅት ክፍላችሁ በኩል ያግኘኝ። ለዚያች ከኋላ ለምትቀመጠው ልጅ ማግኔቱ አየር ላይ ሲንሳፈፍ አሳይሻለሁ ብዬ አፌ አምልጦኛል።

የፊዚክስ መምህር
ከደብረ ብርሃን