ትወናውን የሚቀብረው ድምፅ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በትንሽ ገንዘብ ስለሚሠሩ የቤተሰብ ድራማዎች ስትጽፉ «ትወናው ግሩም ነው፤ ፊልሙ ግን ይንቀራፈፋል» የሚል ፍርድ ይደጋገማል። እንዲህ ያለ ፊልም ከትወና በቀር ሌላ ምሰሶ የለውም። ተዋናይዋ ድምጿን ዝቅ ስታደርግ ካልተሰማች ለተመልካቹ የሚተርፈው መንቀራፈፉ ብቻ ነው።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2015 ለካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ የበቃውን የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ፊልም፣ «ላምብ»ን እንውሰድ። ልጁ ከአፉ ይልቅ በእጁ ነው የሚናገረው፦ ያበስላል፣ ለመሳፈሪያው ሳምቡሳ ይሸጣል፣ በጉን ሙጭጭ ይላል። እዚያ ላይ ማጀቢያ ሙዚቃ ቢለቀቅበት ምን ይቀር ነበር?

ብዙ ጊዜ ሙዚቃው የሚገባው በምርጫ አይደለም፤ የተበላሸ ድምፅ መሸፈኛ ነው። ካሜራው ላይ የተሰካ ማይክ ከተዋናይዋ 2 ሜትር ይርቃል። ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ስለሚወርድ ሹክሹክታው በክፍሉ ጩኸት ይዋጣል። ቡሙ፣ ማለትም በረጅም ዘንግ ጫፍ የተሰካው ማይክ፣ ከፍሬሙ ውጪ፣ ከራሷ በላይ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይያዝ። የልብስ ማይክ ከሆነ ደግሞ ነጠላው ላይ አይደረግ፤ ባስተካከለችው ቁጥር ይፍቃል። ቀሚሱ ላይ፣ ደረቷ አካባቢ፣ ግራና ቀኙ በፕላስተር ይያዝ።

ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ሌላው ጣጣ ነው። ዝናቡን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚረሳው ፀሐይ ወጣ ገባ ስትል ቆርቆሮው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ መንጣጣቱ ነው። ስለዚህ ለስላሳ ንግግር ያለበት ትዕይንት በማለዳ ወይም ፀሐይ ከገባች በኋላ ቢቀረፅ ይሻላል። ፍሪጁም ድምፅ ስለሚያሰማ ይነቀል። የመኪናውን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ ማስቀመጥም ጥሩ ዘዴ ነው፤ ማንም መልሶ ሳይሰካው አይሄድም።

ከሁሉ የሚያስቆጨው የ1 ደቂቃው ዝምታ ነው። ቀረፃው ሲያልቅ ሁሉም ባለበት ጸጥ ብሎ የክፍሉ ባዶ ድምፅ ይቀዳል። ይህ ካልተቀዳ ኤዲተሩ በሁለት ንግግር መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላበት የለውም፤ ወይ ዝምታውን ቆርጦ ይጥላል፣ ወይ የኪቦርድ ሙዚቃ ይደርብበታል። የአባትየው ቃል አልቆ የልጅቷ ፊት ሊለወጥ ሲል የሚቆረጠው በዚህ ሰበብ ነው። በስቱዲዮ ድምፅ እናስገባለን ማለትም ብዙ አያዋጣም፤ ማይክ ፊት ቆሞ የሚያነብ ተዋናይ መሶቡ ዘንድ ተቀምጦ የነበረውን ትንፋሽ መልሶ አያገኘውም።

ሲኒማ ቤቶችም ድርሻ አላችሁ። ፊልሙ የተቀናበረው የድምፅ ማስተካከያው 7 ላይ ሆኖ እንዲታይ ነው። ማስታወቂያው ጮኸ ተብሎ ወደ 5 ሲወርድ ወደ 7 ዴሲቤል ይቀነሳል፤ ጩኸት የበዛበት ፊልም ይችለዋል፣ ይህኛው አይችለውም። ማስታወቂያው ለብቻው ይቀነስና ፊልሙ ወደ ቦታው ይመለስ። ከመጀመሪያው ማሳያ በፊትም አንድ ሠራተኛ መሀል ረድፍ ላይ ተቀምጦ፣ በሩ ተዘግቶ፣ የፊልሙን ዝቅተኛ ንግግር ያዳምጥ። 10 ደቂቃ አይፈጅም።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የድምፅ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ