ትል አጥማጁን ፈንገስ ፍለጋ፦ የሥነ ሕይወት ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ችግኝ ተከላውም የግድግዳ ጋዜጣውም እንደ ወትሮው ነበር። ልጆቹን ቅዳሜ ቅዳሜ ላብራቶሪ ያስመጣቸው ግን አፈር ነው።

ኔማቶድ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር የሚያንስ የአፈር ትል ነው። አንዳንዱ የቲማቲምና የቃሪያ ሥር ላይ እባጭ እያወጣ ገበሬውን ያስመርራል። ደግነቱ እሱንም የሚበላው አለ፤ ፈንገስ። አንዱ ዓይነት የሚያጣብቅ መረብ ይዘረጋል። ሌላው ሦስት ሴሎች ያሉት ቀለበት ይሠራል፤ ትሉ ሲገባበት ሴሎቹ በ0.1 ሰከንድ ገደማ አብጠው አንቀው ይይዙታል። ጀርመናዊው የፈንገስ ተመራማሪ ዞፕፍ፣ ፈንገስ ትል ሲያጠምድ ማየቱን የጻፈው በ1888 እ.ኤ.አ. ነው።

አፈሩን ከአንገረብ ዳር የአትክልት ማሳ፣ ከአዘዞ ጓሮና፣ አስፈቅደን፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ጽድ ሥር አመጣን። ፔትሪ ዲሹ (ክዳን ያለው ጠፍጣፋ ሳህን) ላይ ያፈሰስነው አጋር (ከባሕር አረም የሚሠራ፣ ሲቀዘቅዝ የሚረጋ ነገር) እና ውሃ ብቻ ነው። ስኳር ቢጨመርበት ተራው ሻጋታ ቀድሞ ይወርረዋል። ላዩ ላይ ቁንጥር አፈር በተንን፤ ትልም ጨመርንበት። ብዙዎቹ ፈንገሶች ወጥመዳቸውን የሚዘረጉት ትል መኖሩን ሲያውቁ ነውና ያለ ትል መጠበቅ ከንቱ ልፋት ነው። ትሎቹን ያገኘናቸው የሃይላንድ ጠርሙስ ቆርጠን በሠራነው ማጥለያ ነው፦ እርጥብ አፈር በሶፍት ላይ፣ ከሥሩ ውሃ። ትሎቹ በሶፍቱ ሾልከው ታች ይዘቅጣሉ።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ነው። ለሳምንታት ምንም የለም። ጎበዝ የሚባሉት ተማሪዎች ቶሎ ሰለቹ፤ የቆዩት በአብዛኛው ዘጠነኛ ክፍሎች ናቸው። አንድ ቅዳሜ ከመካከላቸው አንዷ ከማይክሮስኮፑ ዓይኗን ሳታነሳ «ቲቸር፣ ይሄኛው አልሄድ አለ!» አለች። የትሉ ራስ መረቡ ላይ ተጣብቋል፤ ጅራቱ ይወራጫል። በሚቀጥለው ስናየው ቆዳው ብቻ ቀርቶ ውስጡ በፈንገስ ክር ተሞልቷል። አጠገቡ የቆሙት የፈንገሱ ዘሮች (ስፖሮች) ሁለት ሁለት ሴል ስላላቸው አርትሮቦትሪስ ከሚባለው ወገን ሳይሆን አይቀርም።

ይህ የተገኘው በጽዱ ሥር አፈር ነው። ልጆቹ «የአንገረብ አፈር ፈንገስ የለውም» ብለው ሊጽፉ ነበር። «በወሰድነው ናሙና አላየንም» ብለው እንዲያስተካክሉ አደረግሁ፤ ቁንጥር አፈር ማሳውን ሁሉ አይወክልም። ትንሽ አኮረፉ።

ለከርሞ ተራው የኦይስተር እንጉዳይ ነው። እሱ ደግሞ ትሉን በመርዝ አደንዝዞ ይበላል። መመዝገብ የምትፈልጉ መስከረም ላይ ላብራቶሪ ብቅ በሉ፤ ሶፍት ይዛችሁ ብትመጡ ደግሞ አንጠላም።