ገንዳው ቢዘጋም ልጆቹ ዋና እንዳያቆሙ፦ ሁለተኛ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የሜልቦርን ወገኖቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ እጃችንን ስንዘረጋ ይከብደናል። እውነቱን ለመናገር ደክሞናልም። ግን ዝም ካልን ልጆቹ ቤት ሊቀሩ ነው።

እንደሰማችሁት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻችን ዋና የሚማሩበት ገንዳ ጣሪያው ተደርምሶ ተዘግቷል። ሌሊት ስለነበር ማንም አልተጎዳም፤ ተመስገን ነው። ቀድመን የከፈልነው የተርሙ ኪራይ ግን እስካሁን አልተመለሰልንም። ጽፈናል፣ ደውለናል፣ በአካል ሄደናል። መልሱ ሁሌም "እየታየ ነው" ነው። ሌላ ገንዳ አግኝተናል፣ ኪራዩ ግን ወደ እጥፍ ይጠጋል።

"የበፊቱ ብር የት ገባ?" ብላችሁ የጠየቃችሁ አላችሁ። መጠየቃችሁ ደግ ነው። አብዛኛው ለኪራይና ለአስተማሪ ሄዷል። ብዙ ያነጋገረው የኮፍያው ወጪ ነው። የመጀመሪያው ቅዳሜ የሆነውን እንንገራችሁ። አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ እናቷ ሌሊቱን ሹሩባ ሠርታላት መጣች። ተራው የዋና ኮፍያ ፀጉሯ ላይ አልገባ አለ። እናቷ ከፊት ስትጎትተው ከኋላ ይሸሻል። ሁለተኛው ተቀደደ። ልጅቷ ፎጣዋን ተከናንባ ዳር ላይ ተቀመጠች፣ ያን ቀን ውሃ አልነካችም። በሳምንቱ ሰፋ ያሉ ኮፍያዎች ገዛን። ውድ ናቸው፣ እናውቃለን። የዓለም የዋና ፌዴሬሽን እንኳ ለእንዲህ ዓይነት ፀጉር የተሠራውን ኮፍያ ለቶኪዮ ኦሊምፒክ አልፈቀደም ነበር፤ የፈቀደው በ2022 ነው። እኛ ግን በኮፍያ ምክንያት ልጅ ዳር ላይ አናስቀምጥም። ያቺ ልጅ ዛሬ በጀርባዋ ትንሳፈፋለች። በዚያ ወጪ አንጸጸትም።

ሌላው ቅሬታ በመጀመሪያው ጥሪያችን ላይ ስለጻፍነው ስለ ዊን ቴት ኡ ነው። "የእኛን ልጆች ዋና ማስተማር ከበርማ ፖለቲካ ጋር ምን አገናኘው?" ተብለናል። እንመልስ።

ዊን ቴት ኡ የሚያንማር፣ የድሮዋ በርማ፣ ዋናተኛ ነው። ውድድሩ 50 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ነበር። ትልቁን ገንዳ አንዴ መሻገር ነው፤ መዞር የለም፣ መመለስ የለም። ቶኪዮ ላይ አሜሪካዊው ኬሌብ ድሬሰል ያሸነፈው በ21.07 ሰከንድ ነው። ጎበዞቹ እስኪጨርሱ አንዴ ቢተነፍሱ ነው፣ ጭራሽ የማይተነፍሱም አሉ። ለዚያች ለግማሽ ደቂቃ ላልሞላች ጊዜ ሰው ልጅነቱን በሙሉ ይከፍላል። ዊን ቴት ኡም ከልጅነቱ ያለመው ኦሊምፒክን ነበር። በ2019 ፊሊፒንስ ውስጥ በተደረገው የደቡብ ምሥራቅ እስያ ጨዋታዎች ለቶኪዮ የሚያበቃውን ሰዓት አስመዘገበ። ከዚያ ኮሮና መጣና ኦሊምፒኩ ወደ 2021 ተገፋ።

በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ 1 ቀን የሚያንማር ጦር ሥልጣን ያዘ። ሰው አደባባይ ወጣ፣ ጥይት ተተኮሰበት። እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ከ700 በላይ ሰው መገደሉ ተነገረ። ያኔ ዊን ቴት ኡ 26 ዓመቱ ነበር፤ የሚኖረውም እዚሁ እኛ ከተማ፣ ሜልቦርን ነበር። በዚያው ወር ፌስቡኩ ላይ ውሳኔውን አሳወቀ። በሕዝቡ ደም በተነከረ ባንዲራ ሥር እንደማይሰለፍ ጻፈ። ቶኪዮን ተወው። ሚያንማር ወደዚያ የላከችው ሁለት ስፖርተኞች ብቻ ነበር፤ አንዷ በባድሜንተን፣ አንዱ በተኩስ። ዋናተኛ አልነበራትም።

እኛ ይህን ታሪክ ስንሰማ ትዝ ያለን ምሩጽ ይፍጠር ነው። ማርሽ ቀያሪው በ1976 ሞንትሪያል ላይ ያልሮጠው አገራችን ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ውድድሩን ስለተወች ነው። የአፓርታይድ ጉዳይ ነበር። ምሩጽ አራት ዓመት ጠብቆ ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ አጠለቀ። ለምሩጽ ግን የወሰነለት መንግሥት ነው። ይህ ልጅ ብቻውን ነው የወሰነው፣ የሚጠብቀው ሞስኮም አልነበረውም።

ለልጆቹ ይህን የነገርናቸው ገንዳው ዳር ተደርድረው፣ እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ነው። አንድ ልጅ እጁን አወጣ። "ታዲያ አሁን ዋና አይችልም?" አለ። አስተማሪያቸው ሳቀና "ዋና አንዴ ከቻልክ ማንም አይቀማህም" አለው። የነገርናቸውም ለዚሁ ነው። ከእነዚህ ልጆች መካከል ኦሊምፒክ የሚደርስ ይኑር አይኑር እግዜር ያውቃል። እኛ የምንፈልገው ወደ ባሕር ዳርቻ ሄደው በሰላም እንዲመለሱ ነው። ነፍስ አድን ጠባቂዎች በሚተክሉት በቀይና ቢጫው ባንዲራ መካከል ብቻ እንዲዋኙ፣ ማዕበል ከጎተታቸው ሳይደነግጡ እንዲንሳፈፉ፣ እጃቸውን አውጥተው እንዲጣሩ።

ወገኖቻችን፣ አንድ ነገር እንናገር፣ አትቀየሙን። ሰው ሲሞት እድራችን በአንድ ሌሊት ያዋጣል። ማንም ደረሰኝ አይጠይቅም፣ ማንም ቆይ አይልም። ያንን ልብ ልጁ በሕይወት እያለ ስጡን። ክርስቲያኑ ምጽዋት ይበለው፣ ሙስሊሙ ሰደቃ ይበለው፤ ገንዳው ውስጥ ያሉት ልጆች የሁላችንም ናቸው።

የጎደለን 6,200 ዶላር ነው። 31 ልጆችና 12 እናቶች እስከ በጋው መጨረሻ ይማሩበታል። እናቶቹን አትርሱብን፤ ልጅ ውሃ ውስጥ ሲወድቅ መጀመሪያ ዘላ የምትገባው እናት ናት፣ ዋና ባትችልም።

የምትከፍሉት በማኅበሩ አካውንት ብቻ ነው። ቢኤስቢው (የባንክ ቅርንጫፍ መለያው) እና የአካውንት ቁጥሩ በቫይበር ግሩፓችን ላይ ከላይ ተለጥፏል። በማኅበሩ ፔይአይዲም (በአካውንት ቁጥር ፋንታ በሚያገለግለው መለያ) ይቻላል። ማስታወሻው ላይ "ዋና" ብላችሁ ስማችሁን አክሉበት፤ ባለፈው "ዋና" ያልተባለ ብር ከአዳራሹ መዋጮ ጋር ተቀላቅሎ ለመለየት ብዙ ተቸግረናል። በግለሰብ ስልክ ወይም አካውንት ላኩ የሚል መልእክት ቢደርሳችሁ የእኛ አይደለም፣ እንዳትልኩ።

የአዲሱ ገንዳ ቀብድ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተከፈለ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። በካሽ መስጠት የምትፈልጉ እሁድ ከቡና በኋላ አዳራሹ ውስጥ ነን፤ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ። በባንክ ለምትልኩ ደግሞ አሁንም እንደግመዋለን፦ የማኅበሩ አካውንት፣ ማስታወሻው ላይ "ዋና"።

የዋና ትምህርት አስተባባሪ ኮሚቴ